አንባቢ ሲቀየም

ቅሬታ የመተማመን ልጅ ናት። አንባቢ ከማያውቀው ደራሲ እጅ የወጣ መጽሐፍ ሲያነብ ብዙም አይጠብቅም፤ ቢጥመው ይደሰታል፣ ባይጥመው ከድኖ ያስቀምጠዋል፣ ጉዳዩም በዚያው ያበቃል። ከዚህ ቀደም ሌሊቱን አስነግቶ ያስነበበው፣ ገጸ ባሕርያቱን እንደ ጎረቤቶቹ እንዲያውቃቸው ያደረገው፣ በስሙ የሚምልበት ደራሲ አዲስ መጽሐፍ አሳትሞ፣ መጽሐፉ ቀድሞ የሚያውቀው ብዕር የሌለበት ሆኖ ሲያገኘው ግን የሚሰማው መሰልቸት ብቻ አይደለም። በቀጠሮው ሰዓት፣ በቀጠሮው ቦታ ተገኝቶ ወዳጁን ያጣ ሰው የሚሰማው ስሜት ነው። እንዲህ ያለውን ስሜት በመጽሐፉ ጉድለት ብቻ ለመለካት የሚሞክሩ ሐያስያን ብዙ ናቸው። ዳሩ ግን ቅሬታው ስለ መጽሐፉ የሚናገረውን ያህል ስለ አንባቢውም፣ ስለ ዘመኑም፣ በደራሲና በአንባቢ መካከል ስላለው ያልተጻፈ ውልም ይናገራል።

በ1972 ዓ.ም. በነቀምቴ ከተማ አንድ የአማርኛ መምህር ያደረበት ቅሬታ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ነቀምቴ በዚያን ጊዜ የወለጋ ክፍለ ሀገር ዋና ከተማ ነበረች። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ በአምቦ፣ በጉደር፣ በጌዶ፣ በባኮና በስሬ አልፎ በሚመጣው መንገድ ጫፍ፣ በአረንጓዴ ኮረብታዎች መካከል የተቀመጠች ከተማ ናት። ክረምቷ ረጅም፣ ዝናቧም ብርቱ ነው። ከእርሷ ወዲያ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲና ደምቢ ዶሎ፣ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ደግሞ ሻምቡ አሉ። መጽሐፍ ወደነዚህ ከተሞች የሚገባው ብዙ ጊዜ በሰው እጅ ነበር፤ ለእረፍት አዲስ አበባ ደርሶ የሚመለስ መምህር፣ ለሥራ ስብሰባ የሄደ ሠራተኛ፣ ቡና አራግፎ የሚመለስ የጭነት መኪና ሾፌር ያመጣዋል። አንድ ጊዜ ከገባ በኋላም በቀላሉ አይወጣም። ከቤት ወደ ቤት፣ ከትምህርት ቤት ወደ ትምህርት ቤት ይዞራል፤ አንዳንዱም በኪራይ ይነበባል። ሽፋኑ ሲገነጠል በካኪ ወረቀት ይለበጣል፣ የመጨረሻው ገጽ ሲጠፋ ያነበበው ላላነበበው በቃል ይነግረዋል። አንድ ቅጂ ስንት አንባቢ እንዳስተናገደ የሚታወቀው በገጾቹ ጠርዝ ጥቁረት ነው።

የወለጋ ሰው ከጽሑፍ ጋር ያለው ትውውቅም የዚያን ዘመን ብቻ አይደለም። ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ሆኖ የኦሮምኛ የንባብ መጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1894 ነው፤ መላው መጽሐፍ ቅዱስ በኦሮምኛ ታትሞ የወጣው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ሁለቱም የታተሙት በግእዝ ፊደል ነበር። ኦነሲሞስ እ.ኤ.አ. በ1904 ነቀምቴ ገብቶ ማስተማር ጀመረ። ስለዚህ የከተማዋ አዛውንት ሲያወሩ፣ መጽሐፍ ከሩቅ አገር ተሸክሞ ስለመጣ ሰው ማውራት አዲስ ነገር አልነበረም። መጽሐፍ በዚያ አገር ክብር ነበረው፤ ክብር ያለው ነገር ሲጎድልም ሐዘኑ የዚያኑ ያህል ነው።

መምህሩ ንባብን የጀመረው እንደ ዕድሜ እኩዮቹ በስለላና በወንጀል ታሪክ ነበር። ይልማ ሀብተየስ የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን ለአማርኛ አንባቢ ካስተዋወቁት ቀደምት ደራስያን አንዱ ነው፤ ማሞ ውድነህም በትርጉምም በራሱ ድርሰትም ያቀረባቸው የስለላ ታሪኮች በየክፍለ ሀገሩ ከተሞች እጅ በእጅ የሚነጠቁ ነበሩ። አንዳንድ ምሁራን ይህን ዓይነቱን ንባብ የጊዜ ማሳለፊያ ነው ብለው ያጣጥሉታል። መምህሩ ግን ከዚህ አስተያየት ጋር ተስማምቶ አያውቅም። ተማሪዎቹ የሰዋስው መጽሐፋቸውን ገልጠው ሲያንቀላፉ፣ ከጠረጴዛ ሥር ደብቀው የሚያነቡት የስለላ ታሪክ ግን ዓይናቸውን እንደሚያፈጥ በየቀኑ ያይ ነበር። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ለአንባቢ አንድ ትልቅ ነገር ያስተምራል፤ ገጽ መግለጥን። ገጽ መግለጥ የለመደ ሰው ደግሞ አንድ ቀን ወደ ጥልቁ መጽሐፍ ይደርሳል የሚል እምነት ነበረው።

እርሱን ራሱን ወደዚያ ያደረሰው በዓሉ ግርማ ነው። በ1962 ዓ.ም. የወጣው «ከአድማስ ባሻገር» እጁ የገባው ገና የመምህራን ማሠልጠኛ ተማሪ ሳለ ነበር። ልብ እንደ ስለላ ታሪክ የሚያንጠለጥል፣ ዳሩ ግን አደጋው በውጭ ጠላት ላይ ሳይሆን በአንድ ሰው ውስጥ የሚካሄድ ታሪክ አገኘ። አበራ ወርቁ የተባለው ገጸ ባሕርይ ሥዕል መሣል እየፈለገ በቢሮ ወንበር ላይ ዕድሜውን ሲገፋ፣ አንባቢው የሚጨነቀው «ማን ገደለው?» ብሎ ሳይሆን «ይህ ሰው መቼ ነው የሚኖረው?» ብሎ ነው። ቀጥሎ በ1966 ዓ.ም. «የህሊና ደወል» ታተመ። ይኸኛው ደግሞ የመምህር ታሪክ ነው፤ ቦታውም በዓሉ የተወለደበት ሱጴ፣ ከወለጋ ጋር የሚዋሰነው የኢሉባቦር ምድር ነው። የነቀምቴው መምህር መጽሐፉን ሲያነብ የራሱን ጭቃ፣ የራሱን የቆርቆሮ ጣሪያ፣ የራሱን ተማሪዎች አየ። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መጽሐፍ ምዕራቡን አገር ሲያስታውስ ያን ጊዜ ብርቅ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዓሉ ለእርሱ ታዋቂ ደራሲ ብቻ መሆኑ ቀረ። የአገሩ ልጅ፣ ቃሉን የሚጠብቅ ወዳጅ ሆነ።

በሐምሌ ወር 1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር መምህሩ ከአስተማሪዎቹ አንዱ ነበር። ዘመቻው በመጀመሪያው ዙር አማርኛንና ኦሮምኛን ጨምሮ በአምስት ቋንቋዎች፣ ኋላም በ15 ቋንቋዎች የተካሄደ ሲሆን ሁሉም የሚጻፉት በግእዝ ፊደል ነበር። ከተማሪዎቹ መካከል የትምህርት ቤቱ ዘበኛ የነበሩ አዛውንት ይገኙ ነበር። በመጀመሪያ በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው በኦሮምኛ ማንበብ ቻሉ፤ ከዚያም በዚያው ፊደል አማርኛውን ቀጠሉ። የምስክር ወረቀታቸውን ከተቀበሉ በኋላም አልተቀመጡም። የመማሪያውን መጽሐፍ ጨረሱ፣ በራሪ ወረቀቶችን ጨረሱ፣ የስኳር መጠቅለያ የሆነ ጋዜጣም ሳይቀር አነበቡ። ከዚያም አንድ ማለዳ መምህሩን በር ላይ አስቁመው፣ «መምህር፣ ፊደሉን ሰጠኸኝ፤ እንግዲህ የሚነበበውንም ስጠኝ እንጂ» አሉት።

ይህ ጥያቄ ቀላል ጥያቄ አይደለም። ማንበብ የተማረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ ፊደሉ እንደ ዝናብ ውሃ ተመልሶ ይሄዳል። ዘመቻው ብዙ ሰው ከመሃይምነት ቢያወጣም፣ በአዲሱ አንባቢ ፊት የሚቀርበው ምግብ ጥያቄ ሆኖ ቀርቶ ነበር። መምህሩ ለአዛውንቱ መጀመሪያ አንድ የስለላ ታሪክ ሰጣቸው። በሦስት ሳምንት፣ በጥበቃ ሌሊቶች፣ በኩራዝ ብርሃን ጨረሱት። ሲመልሱለትም «ሰውየው ሊያዝ ነው እያልኩ በሩን መጠበቅ ረሳሁ» ብለው ሳቁ። መምህሩ በዚያ ሳቅ ውስጥ አዲስ አንባቢ ተወልዶ አየ። ከዚህ ቀጥሎ የሚሰጣቸውም በዓሉ እንዲሆን በልቡ ወሰነ።

በዚህ ጊዜ ነው የበዓሉ አዲስ ልብ ወለድ ወጣ የሚለው ወሬ ነቀምቴ የደረሰው። ርእሱ «የቀይ ኮከብ ጥሪ» ነው፤ የታተመውም በ1972 ዓ.ም.። ታሪኩ የአብዮቱን የመጀመሪያ ዓመታትና በወጣቱ ትውልድ መካከል የተነሣውን የአቋም መከፋፈል ይዟል። ይህን ወሬ የሰማ አንባቢ መጽሐፉን በጉጉት ቢጠብቅ አይፈረድበትም። በዚያ ዘመን ከዚህ የበለጠ ልብ የሚያንጠለጥል ነገር ከየት ይመጣል? ወንድም በወንድሙ ላይ የተነሣበት፣ በአንድ ማዕድ የሚበሉ ልጆች በሁለት ጎራ የተሰለፉበት ጊዜ ነበር። የአበራ ወርቁን የውስጥ ጭንቀት ያሳየ ደራሲ ያንን ትውልድ ከውስጥ ሲያሳየው ምን ሊወጣው እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

መጽሐፉ መጣ። መምህሩ በአንድ ቅዳሜና በአንድ እሑድ አነበበው። ሲጨርስ ረጅም ጊዜ ዝም ብሎ ተቀመጠ። ከዚያም ወደ መጀመሪያው ገጽ ተመልሶ የሚወደውን ሰው ፍለጋ እንደገና ገለጠው። አላገኘውም።

የቅሬታውን ምክንያት በኋላ በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በዝርዝር አሰፈረ። የበዓሉ አረፍተ ነገር እንደ ወትሮው አጭርና ፈጣን ነው፤ የአዲስ አበባ ሰው አነጋገርም በየቦታው ብልጭ ይላል። በዚህ አይታማም። ጉድለቱ ሌላ ነው። በቀደሙት መጻሕፍት ገጸ ባሕርይ ከመናገሩ በፊት ያመነታ ነበር፤ በዚህኛው ግን የሚናገረውን አስቀድሞ ያውቃል። በቀደሙት መጻሕፍት ሁለት ሰዎች ሲከራከሩ አንባቢው ማን እንደሚረታ አያውቅም ነበር፤ በዚህኛው ግን ገና ሲገቡ ማን ልክ እንደሆነ በልብሳቸው ይታወቃል። ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ደግሞ የሚቆመው በአለማወቅ ላይ ነው። ፍርዱ አስቀድሞ ከተነገረ ችሎቱን ለመከታተል የሚቀመጥ ታዳሚ የለም። መምህሩ በማስታወሻው መደምደሚያ ላይ «ደራሲው ለገጸ ባሕርያቱ አፍ ሰጣቸው እንጂ ጆሮ አልሰጣቸውም» ብሎ ጻፈ።

ቃሉን ቢጠብቅም መጽሐፉን ለአዛውንቱ ሰጣቸው። እርሳቸው ዘንድ አንድ ወር ቆየ። ሲመልሱ አልሳቁም። «እንዴት አገኙት፣ አባባ?» ብሎ ቢጠይቃቸው፣ መጽሐፉን በሁለት እጃቸው አክብረው እየሰጡት «ጥሩ ነው፣ መምህር። ግን ይህንንማ ስብሰባ ላይ ሰምቼዋለሁ» አሉት።

ከዚህ የሚበልጥ ሂስ ከየትም ዩኒቨርሲቲ አይገኝም። አዛውንቱ ስለ ይዘትና ስለ ቅርጽ አንድነት የተማሩት ነገር አልነበረም። የሚያውቁት ግን አንድ ነገር ነበር፤ ስብሰባ ስብሰባ ነው፣ ታሪክ ደግሞ ታሪክ ነው። ስብሰባ ላይ የተባለውን ለመስማት ፊደል መቁጠር አያስፈልጋቸውም ነበር፤ ጆሯቸው ይበቃቸዋል። በስድሳ ዓመታቸው እርሳስ የጨበጡት ስብሰባ ላይ የማይባለውን ለማወቅ ነው። አበው «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ይላሉ። አዛውንቱን ያስቀየማቸው መጽሐፉ ሳይሆን በመጽሐፉ ውስጥ የሸተታቸው ንቀት ነበር፤ አዲሱ አንባቢ የሚታመነው ያው የሰማው ነገር ተደግሞ ሲነገረው ብቻ ነው የሚል ንቀት።

ጉዳዩ በመምህራን የንባብ ክበብ ውስጥም ተነሣ። መምህሩ ማስታወሻውን ካነበበ በኋላ አንድ የሥራ ባልደረባው፣ በፖለቲካ ትምህርት ኃላፊነት የነበረው ሰው፣ ተነሥቶ «ጓድ መምህር፣ ልብ ወለድ ማስተማር የለበትም ነው የምትለን? ወይስ ያልወደድከው መጽሐፉን ሳይሆን ኮከቡን ነው?» ሲል ጠየቀው። ክፍሉ ጸጥ አለ። በ1972 ዓ.ም. እንዲህ ያለው ጥያቄ ለንባብ ክበብ ጨዋታ የሚቀርብ አልነበረም፤ መልሱ ከክፍሉ ውጭም ሊከተል ይችላል። መምህሩ መልሱን ሳያፈጥን፣ «ሁሉም መጽሐፍ ያስተምራል፣ ጓድ። የህሊና ደወልም አስተምሮኛል። ነገር ግን እኔ ክፍል ውስጥ መልሱን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ከጨረስኩ በኋላ ጥያቄውን ብጠይቅ ተማሪዎቼ ምን ይማራሉ?» አለው። ባልደረባው ጥቂት አስቦ ተቀመጠ። ክርክሩ በዚያ ሳያበቃ ወደ ሻይ ቤት ተሻገረ፤ ሁለቱ ሰዎች ግን ከዚያ ቀን በኋላ መጽሐፍ የሚዋዋሱ ወዳጆች ሆኑ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ያስፈልጋል። የአንባቢ ቅሬታ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም፤ ስለዚህም ሁሉም እኩል ክብደት አይሰጠውም። ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለ።

የመጀመሪያው የደራሲው ኃይል ሲደክም የሚመጣው ነው። የወንጀል ምርመራ ልብ ወለድን በዓለም ዙሪያ ያስወደደችው እንግሊዛዊቷ አጋታ ክሪስቲ የመጨረሻ ድርሰቷን ያወጣችው በ83 ዓመቷ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ነበር። አንባቢዎቿ በዚያ መጽሐፍ ውስጥ የሴራው ክር እየተቆራረጠ፣ ነገር እየተደጋገመ ማየታቸው አሳዘናቸው። እ.ኤ.አ. በ2009 የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የልብ ወለዶቿን ቃላት በኮምፒዩተር ቆጥረው ሲያነጻጽሩ፣ በመጨረሻዎቹ ዓመታት ሥራዎቿ የቃላት ሀብቷ መቀነሱን፣ የተደጋገሙ ሐረጎችና ግልጽነት የጎደላቸው ቃላት መብዛታቸውን አገኙ፤ ምናልባትም የመርሳት ሕመም ጅማሬ ሊሆን እንደሚችል ገመቱ። እንዲህ ላለው ቅሬታ ተገቢው መልስ ርኅራኄ ነው። ያረጀ እጅ ስለተንቀጠቀጠ አይወቀስም።

ሁለተኛው ዓይነት አንባቢው የለመደውን ሲያጣ የሚመጣው ነው። የስለላ ልብ ወለድ ደራሲው ጆን ለካሬ እ.ኤ.አ. በ1963 ባወጣው መጽሐፍ ስሙ በዓለም ናኘ። እ.ኤ.አ. በ1965 የተከተለው መጽሐፉ ግን ያለፈ ክብሩን እያሰበ የሚኖር አንድ የስለላ መሥሪያ ቤት አንድን ሰው ያለ በቂ ምክንያት ወደ ምሥራቅ ጀርመን ልኮ በከንቱ ሲያስበላው የሚያሳይ ነበር። ጀግና የለውም፤ ድልም የለውም። በአገሩ አንባቢያን ዘንድ ቀዝቃዛ አቀባበል ገጠመው። ዳሩ ግን ደራሲው በዚያ መጽሐፍ ያደረገው ከቀድሞው የበለጠ እውነት መናገር ነበር። እንዲህ ባለው ቅሬታ መመርመር ያለበት የአንባቢው ልማድ ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ደራሲው ኃይሉ ሳይደክም፣ የሚያየውንም እያየ፣ ብዕሩን ለሌላ ድምፅ ሲያውስ የሚመጣው ነው። የነቀምቴው መምህር ቅሬታ ይህኛው ነበር። በዓሉ በዚያን ጊዜ በአርባዎቹ የዕድሜ መጀመሪያ ላይ የሚገኝ፣ በጋዜጠኝነት በአገር ውስጥም በአሜሪካም የተማረ፣ የ«መነን» መጽሔትና የ«አዲስ ዘመን» ጋዜጣ አዘጋጅ የነበረ፣ በማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ኃላፊነት ላይ የተቀመጠ ሰው ነው። ማየት አልተሳነውም። መምህሩም ይህን ስለሚያውቅ ነው የተቀየመው። ዓይን የሌለው ሰው መንገድ ቢስት ማንም አይቀየመውም።

ይሁን እንጂ ቅሬታው መምህሩን ከደራሲው አላለያየውም። «ደራሲው» የተሰኘውን መጽሐፉን ሲያገኝ አነበበ። «የህሊና ደወል» እንደገና ተጽፎ በ1975 ዓ.ም. «ሐዲስ» በሚል ስም ሲወጣም፣ የሱጴውን መምህር አዲሱን ልብስ አስለብሶት እንደሆነ ለማየት ገጽ በገጽ አመሳከረ። አንባቢ የተቀየመውን ደራሲ መከታተሉን ካልተወ፣ በልቡ ገና አልተስፋ ቆረጠም ማለት ነው።

በዚያው በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ» በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት ታተመ። ለነቀምቴ የደረሰው ቅጂ እጅግ ጥቂት ነበር፤ መጽሐፉ ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ተሰብስቧልና። መምህሩ እጅ የገባው አንድ ሾፌር ከመቀመጫው ሥር አድርጎ ያመጣው፣ በሁለት ሌሊት ተነቦ መመለስ ያለበት ቅጂ ነበር። ርእሱ አስመራ ውስጥ ከጣሊያንኛ የተወረሰ ቃል ነው፤ «አበቃ፣ ከእንግዲህ ምን ዋጋ አለው» እንደማለት ነው። ታሪኩ በ1974 ዓ.ም. በኤርትራ የተካሄደውን የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ ይዟል። በዓሉ ራሱ በዘመቻው የፕሮፓጋንዳ ሥራ ተሰልፎ አስመራ ነበረ፤ ተራኪው ጋዜጠኛ ፀጋዬ ኃይለማርያምም ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ይህ መጽሐፍ በሙሉ ትርጉሙ የስለላ ልብ ወለድ ነው። በስዕላይ ባራኺ ዙሪያ የሚጠላለፈው የምስጢር መረብ፣ የኮሎኔል በትሩ ተሰማ አደን፣ ፀጋዬ አዲስ አበባ ትቷት በመጣው በሮማን ኅሊተ ወርቅና አስመራ ባገኛት በፊያሜታ ጊላይ መካከል የሚዋልለው ልቡ፣ አንባቢን ከገጽ ወደ ገጽ ያስሮጣሉ። ነገር ግን መምህሩን ከወንበሩ ያስነሣው ሴራው ብቻ አልነበረም። ገጸ ባሕርያቱ እንደገና ያመነታሉ። እንደገና ይሰማሉ። በመንግሥት ወገን የቆመው ሰው ይጠራጠራል፤ በተቃራኒ የቆመችው ሴት ታፈቅራለች፤ የናቅፋ ተራራ ደግሞ ስብሰባ ላይ እንደተባለው ሳይሆን እንደሆነው ሆኖ ይታያል። ሁለት መጻሕፍት፣ ሁለቱም በቀይ ኮከብ ስም። በመጀመሪያው ደራሲው ኮከቡን የሚያሳየው ሌሎች በጠቆሙት ጣት አቅጣጫ ነበር፤ በሁለተኛው ግን ከሥሩ ቆሞ ቀና ብሎ አየው። የመምህሩ የ1972 ዓ.ም. ፍርድ በዚህ አልተሻረም፤ እንዲያውም ጸና። አንድ ደራሲ እንዲህ መጻፍ የሚችል ከሆነ፣ ያኔ የጎደለው ችሎታ እንዳልነበረ ተረጋገጠ።

የተረጋገጠው ግን ይህ ብቻ አይደለም። በዓሉ ግርማ በመጽሐፉ ምክንያት ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ማታ ከቤቱ እንደወጣ አልተመለሰም። መኪናው በደብረ ዘይት መንገድ፣ ቃሊቲ አካባቢ ቆማ ተገኘች። እርሱ ግን እስከ ዛሬ የት እንደወደቀ አይታወቅም።

ወሬው ነቀምቴ ሲደርስ መምህሩ ለማንም ምንም አላለም። ለብዙ ጊዜ በሐሳቡ የተመላለሰበት አንድ ጥያቄ ነበር። አንባቢ ደራሲውን «እውነቱን ንገረኝ» ብሎ ሲጠይቅ የሚጠይቀው ምን ያህል ነው? በነቀምቴ ሻይ ቤት ተቀምጦ «ብዕሩ ደፋር አይደለም» ማለት ለአንባቢው የሚያስከፍለው ጥቂት ነው። ደራሲው ግን ያንን ድፍረት ሲሰጥ ከራሱ ላይ ቆርሶ ነው። ይህ ማለት አንባቢው መጠየቁን ይተው ማለት አይደለም። አዛውንቱ ዘበኛ የተናገሩት ቃል ልክ ነበር፤ ዛሬም ልክ ነው። ደራሲ ከስብሰባው የተለየ ነገር ካልነገረ ለምን ይጻፋል? ነገር ግን ጠያቂው የጥያቄውን ዋጋ አውቆ መጠየቅ አለበት፤ የተከፈለው ሲመጣም ተቀብሎ ማኖር አለበት።

መቀበሉንና ማኖሩን የወለጋ አንባቢ አላጎደለም። አዛውንቱ «ኦሮማይ»ን አላነበቡም፤ ቅጂው በሁለት ሌሊት ተመልሷልና። መምህሩ ግን በጥበቃ ሰዓታቸው አጠገባቸው ተቀምጦ ታሪኩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በቃል ተረከላቸው። ተረኩ አምስት ምሽት ወሰደ። ሲያበቃ አዛውንቱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ይህንን ስብሰባ ላይ አልሰማሁም» አሉ። እንዲህ እያለ በየከተማው ስንት ሰው በቃል ያንን መጽሐፍ እንዳነበበ የሚያውቅ የለም። የተሰበሰበ መጽሐፍ ከሰው አፍ አይሰበሰብም።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ «ኦሮማይ» በተደጋጋሚ ታትሟል። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ በለንደንና በኒውዮርክ ወጥቷል፤ እዚያም የፖለቲካ ስለላ ልብ ወለድ ተብሎ ነው የቀረበው። «የቀይ ኮከብ ጥሪ»ን ዛሬ የሚፈልገው በአብዛኛው የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ተማሪ ነው። ጊዜ በሁለቱ መጻሕፍት ላይ የሰጠው ፍርድ ከነቀምቴው የንባብ ክበብ ፍርድ ጋር የተራራቀ አይደለም።

ዛሬ ነቀምቴ በኦሮሚያ ክልል የምሥራቅ ወለጋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ዩኒቨርሲቲ አላት። ወጣቱ በአፋን ኦሮሞም በአማርኛም ያነባል፤ ልብ አንጠልጣይ ታሪክ ያለው ኃይልም አልቀነሰም። ከ2000 ዓ.ም. በኋላ የይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» በመላ አገሪቱ ያገኘው አንባቢ ይህ ጥማት ሕያው መሆኑን አሳይቷል። ተወዳጅ ደራሲ ሁሉ አንድ ቀን አንባቢውን ያስቀይማል፤ ይህ የማይቀር ነገር ነው። ጥያቄው የተቀየመው አንባቢ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። መጽሐፉን ወርውሮ ንባብን ራሱን ሊተው ይችላል፤ ይህም ለአዲስ አንባቢ ቅርብ አደጋ ነው። ወይም ደራሲውን ከመውደዱ የተነሣ ጉድለቱን ጉድለት አይደለም ብሎ ራሱን ሊያታልል ይችላል፤ ይህም ደራሲውን ብቻውን መተው ነው። ሦስተኛው መንገድ የከበደው ነው፤ የጎደለውን በስሙ መጥራት፣ ምክንያቱን መለየት፣ ቀጣዩንም መጽሐፍ መጠበቅ።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሂስን ሲያስተምሩ ከዚህ ሦስተኛ መንገድ ቢጀምሩ መልካም ነው። ቅሬታ በወጉ ሲነገር ለደራሲ ከምስጋና ይልቅ ስንቅ ይሆነዋል፤ አንድ ሰው እስከ መጨረሻው ገጽ ድረስ አብሮት እንደተጓዘ የሚነግረው እርሱ ነውና።